በጦርነት ዘመን ታዳጊ የጻፈችውን የዕለት ማስታወሻ ለመታሰቢያ ቀን በመድረክ እንዴት እናንብብ?

ጥር ሲቃረብ የጎንደር ትምህርት ቤቶች የድራማና የሥነ ጽሑፍ ክበብ ኃላፊዎች፣ አንዳንዴም ከአያታቸው የቀረ ደብተር ያላቸው ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሱልኛል፦ «በጦርነት ጊዜ አንዲት ልጅ የጻፈችውን ማስታወሻ በመታሰቢያ ቀን ልናነብ ነው፤ ከየት እንጀምር?» መልሱን ለየሰዉ በቃል ከምደጋግም ይኸው በጽሑፍ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ የቀረው ሁሉ የሚቀዳው ከእሱ ነው። ደብተሩን የጻፈችው ልጅ መጨረሻዋን አታውቅም ነበር። እናንተ ታውቃላችሁ፣ ተመልካቹም ያውቃል። አንባቢዋ ግን ልክ እንደ ጸሐፊዋ ነገን የማታውቅ ሆና ማንበብ አለባት። ጽሑፍ ስትቆርጡ፣ ሙዚቃ ስትመርጡ፣ ልብስ ስታለብሱ «ይህ ነገር መጨረሻውን አስቀድሞ ያሳብቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካሳበቀ ይውጣ።

መመሪያው የተሰናዳው ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ለሚወስድ ንባብ፣ ለአራት አቅራቢዎችና ከ80 ለማይበልጥ ተመልካች ነው። ምሳሌ የማደርገው ብዙ ክበቦች የሚመርጡትን፣ አይሁዳዊቷ ታዳጊ አን ፍራንክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች ተደብቃ የጻፈችውን ማስታወሻ ነው። የቤተሰብ ደብተር ላላችሁ የሚለየውን በየቦታው እጠቁማለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በኮምፒውተር የተጻፈ ንጹሕ ጽሑፍ፣ ለእያንዳንዱ አንባቢ አንድ ቅጂ፣ ሁለት መጠባበቂያ። ፊደሉ 16 ነጥብ ይሁን፣ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ይኑር፣ ወረቀቱ በአንድ ገጹ ብቻ ይታተም።
- ጠንካራ የካርቶን ሽፋን ያለው ማቀፊያ። የፕላስቲክ ማቀፊያ በማይክሮፎን ፊት ይንኮሻኮሻል፣ መብራትም ያብረቀርቅበታል።
- አራት ወንበር፣ ሁለት ማይክሮፎን ከነማቆሚያቸው።
- በቻርጅ የሚሠሩ ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች፤ መብራት ቢጠፋም ንባቡ እንዳይቋረጥ።
- በብርጭቆ የተቀዳ ውኃ። የላስቲክ ጠርሙስ ሲጨበጥ ይጮኻል።
- እርሳስና ላጲስ፣ የእጅ ሰዓት።
- ጧፍ ወይም ሻማ የምታበሩ ከሆነ አሸዋ የተሞላ ሳህን፣ የብረት ትሪ፣ አንድ ባልዲ ውኃ።

1. ቀኑን ቁረጡ

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2005 የሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙት ጭፍጨፋ) ሰለባዎች መታሰቢያ ብሎ የወሰነው ጃንዋሪ 27 ነው፤ ኦሽዊትዝ የተባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1945 ነፃ የወጣበት ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 19 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን ጥር 18 ነው። ጎንደር በዚያ ሰሞን ከጥምቀት እንግዳ ገና እየተላቀቀች ነው፤ ጥር 18 ሰባር ጊዮርጊስ፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ነው። የድምፅ ማጉያ ኪራይም ሆነ አዳራሽ በዚያ ሳምንት በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ከኅዳር ጀምራችሁ ያዙ።

የአገር ቤት ደብተር ከሆነ ቀኑ ከደብተሩ ጋር ይሂድ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጻፈ ከሆነ የካቲት 12 ወይም ሚያዝያ 27 አለ። ለጎንደር ደግሞ ኅዳር 18 አለላት፤ በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻው ዋና የጣሊያን ጦር በ1934 እጁን የሰጠው በዚያ ቀን እዚሁ ጎንደር ላይ ነው።

2. ፈቃድ ጠይቁ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ በኋላ ግን ዝግጅቱን የሚያስቆመው እሱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ጸሐፊ ሥራ ጸሐፊው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው፤ ተርጓሚም በትርጉሙ ላይ የራሱ መብት አለው። በሕዝብ ፊት ማንበብም ከመብቶቹ አንዱ ነው። የአን ፍራንክን ጽሑፍ በሚመለከት የምትጽፉት አባቷ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ላቋቋመው አን ፍራንክ ፎንድስ ለተባለ ድርጅት ነው። ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ መግቢያው ነፃ መሆኑን፣ ስንት ገጽ እንደምታነቡ፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ በአጭሩ ግለጹ። መልስ እስኪመጣ ጊዜ ስለሚፈጅ ከሁሉ ሥራ በፊት ይላክ።

የቤተሰብ ደብተር ከሆነ ጸሐፊዋ በሕይወት ካለች ፈቃዱ የእሷ ብቻ ነው፤ ልጆቿ ቢስማሙም አይበቃም። ከሞተች ወራሾቿን በሙሉ ጠይቁ። አንዱን ወንድም አስፈቅዳችሁ ሌላው አዳራሽ ገብቶ ቢሰማ ቅሬታው ለዘመድ ሽምግልናም ይከብዳል። የሚነበቡትን ገጾች አስቀድማችሁ ለቤተሰቡ ስጡ፤ «ይህ ይቅር» ያሉት ያለ ክርክር ይቅር።

ማስጠንቀቂያ፦ ደብተሩ የቅርብ ዓመታት ጦርነት ከሆነ የሰዎችን ስም፣ የሰፈርና የቀበሌ መለያዎችን፣ ማን ማንን እንደሸሸገና ማን በማን ላይ እንደጠቆመ የሚናገሩ መስመሮችን አውጡ። አንዲት ልጅ ለራሷ ብላ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ዛሬ አንድን ጎረቤት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ይህን ማጣራት ለአንድ ሰው አትተዉት፤ ቢያንስ ሁለት የሰፈሩን ነገር የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ይዩት።

3. የእጅ ጽሑፉን ገልብጡ (የቤተሰብ ደብተር ላላቸው ብቻ)

ዋናው ደብተር ከቤት አይውጣ፤ መድረክም ላይ አይታይ። የቀን ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ፣ ያለ ፍላሽ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔት አታስደርጉ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ቀለሙንም ይበላል።

ስትገለብጡ ፊደሏን አታርሙ። «ሀ»ን በ«ሐ» ቀይራ ጽፋ ከሆነ በቅጂው ላይ እንዳለ ይቆይ፤ በግዕዝ ቁጥር የጻፈችውንም እንዲሁ። ያልተነበበ ቃል ሲገጥማችሁ ክብ አስገቡት እንጂ በግምት አትሙሉት፤ ለንባቡ ያንን ዓረፍተ ነገር መዝለል ይሻላል። በግምት የገባ ቃል በሁለተኛው ዓመት የእሷ ቃል ሆኖ ይቀራል።

4. ጽሑፉን ቁረጡ

አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡና በሰዓት ለኩ፤ ከዚያ ለ35 ደቂቃ ስንት ገጽ እንደሚበቃ አስሉ። የቀረው ደቂቃ የዝምታና የየገጹ ቀን መጥሪያ ነው።

ክበቦች ብዙውን ጊዜ የሚያመጡልኝ ቁራጭ ስለ ቦምብ፣ ስለ ረሃብ፣ ስለ ፍርሃት የተጻፈውን ብቻ የለቀመ ነው። እንዲህ ከተቆረጠ ልጅቷ ትጠፋለች። አን ፍራንክ ከቤተሰቧና ከሌሎች ጋር ስምንት ሆነው አምስተርዳም ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጀርባ ተደብቀው ከሁለት ዓመት በላይ ኖሩ። ታች መጋዘን ውስጥ ሠራተኞች ስላሉ ቀን ቀን በካልሲ ይራመዱ፣ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። ሆኖም ከእናቷ ጋር መጣላቷን፣ የትልልቆቹን ጭቅጭቅ፣ ምግብ መሰልቸቷን፣ አብሯት የተደበቀውን ልጅ መውደዷን ነው ገጽ በገጽ የምትጽፈው። አደጋው የሚሰማን እነዚህን ስንሰማ ነው። በመሆኑም ከምትመርጡት ቢያንስ ግማሹ የቤት ውስጥ ተራ ነገር ይሁን። ሳቅ የሚያመጣ ገጽ አስገቡ፤ ተመልካቹ ከሳቀ ከልጅቷ ጋር ተዋውቋል ማለት ነው።

ሁለት ሕግ ጠብቁ። መቁረጥ ይቻላል፣ መጨመር ግን አይቻልም፤ ማያያዣ ዓረፍተ ነገር እንኳ አትጻፉላት። የቀኖቹን ቅደም ተከተል ደግሞ አትለውጡ። ያማረ ዓረፍተ ነገር ከመሐል አንሥቶ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ያጓጓል፤ እንዲህ ስታደርጉ ግን መጨረሻዋን እንዳወቀች አድርጋችሁ ታናግሯታላችሁ። ደብተሩ በቆመበት ቁሙ። የአን የመጨረሻ ጽሑፍ የኦገስት 1 ቀን 1944 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ ቃል አይደለም።

5. ቀኖቹን አስተካክሉ

እዚህ ላይ በአማርኛ የምናነብ ሰዎች የምንሰናከልበት ድንጋይ አለ። አን ደብተሩን በ13ኛ ዓመት ልደቷ ያገኘችው እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 1942 ነው። ይህን «ሰኔ 12 ቀን 1942» ብሎ ማንበብ ስሕተት ነው፤ በእኛ ሰኔ 5 ቀን 1934 ነው። ወሩን ወደ አማርኛ ቀይሮ ቀኑንና ዓመቱን እንዳለ መተው በየፖስተሩ የሚታይ ጉድለት ነው።

የምመክረው መድረክ ላይ በፈረንጅ ወር ስሙ እንዲጠራ ነው፤ እሷ የጻፈችው በዚያ ስለሆነ። በሚታደለው ወረቀት ላይ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ። የተደበቁበት ጁላይ 6 ቀን 1942 ሰኔ 29 ቀን 1934፣ የተያዙበት ኦገስት 4 ቀን 1944 ሐምሌ 28 ቀን 1936 ነው። የጎንደር ተመልካች ዓመቱን በራሱ ዘመን ሲያየው ነገሩ ይቀርበዋል፤ ጣሊያን እዚህ እጁን በሰጠ ሰባት ወር ሳይሞላ ነው ያቺ ልጅ መጻፍ የጀመረችው።

6. አንባቢዎችን ምረጡ

አራት ሰው ይበቃል፤ ደብተሩን የሚያነቡ ሁለት ታዳጊዎች፣ ከየገጹ በፊት የተጻፈበትን ቀን የሚናገር አንድ «ቀን ጠሪ»፣ አንድ መጠባበቂያ። ሁለቱ ታዳጊዎች ለየወቅቱ ይከፋፈሉ፤ አንዷ የመጀመሪያውን ዓመት፣ ሌላዋ ቀጣዩን። በአንድ ገጽ መሐል አይቀያየሩ፣ ተመልካቹ ማን እየተናገረ እንደሆነ ይጠፋበታልና።

ዕድሜያቸው ለጸሐፊዋ የቀረበ ይሁን። ትልቅ ሰው የልጅ ድምፅ እያወጣ ሲያነብ ነገሩ ወዲያው ቴአትር ይሆናል። ቀን ጠሪው ግን ትልቅ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ጡረታ የወጡ መምህር ካሉ ሄዳችሁ ለምኗቸው። ለታዳጊዎቹ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ። በቅርቡ የቤተሰብ ሰው ያጣች ልጅ «አነባለሁ» ብትል እንኳ በቀን ጠሪነት ወይም በመጠባበቂያነት ትጀምር፤ በልምምድ መሐል ካቃታት ያለ ሐፍረት የምትወጣበት በር ይኑራት።

7. ድምፁን አግኙ፣ ገጹ ላይ ምልክት አድርጉ

በእኛ አካባቢ ያደገ ሰው ስለ ጦርነት ሲያነብ ሁለት የተዘጋጁ ድምፆች አሉት፤ አንዱ የሙሾ፣ ሌላው የቀረርቶ። ሁለቱም ትልቅ ጥበብ ናቸው፤ የዕለት ማስታወሻ ግን ሁለቱንም አይሸከምም። ሙሾ ሞትን ያወቀ ሰው ድምፅ ነው፤ ቀረርቶ ደግሞ ብዙ ሰው ፊት የቆመ ሰው ድምፅ ነው። ይህቺ ልጅ ሞት አልደረሰባትም፣ ማንም እየሰማትም አልነበረም። አን ደብተሯን «ኪቲ» እያለች እንደ አንዲት ጓደኛ ነበር የምታናግራት። አንባቢዋም ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰው መርጣ ለእሱ ብቻ የምታወራ ያህል ታንብብ።

ለልምምድ ብዬ ራሴ የጻፍኳት አጭር ገጽ ይህችውና፤ የማንም ደብተር አይደለችም። አንድ መስመር ትንፋሽ፣ ሁለት መስመር ደግሞ በልብ እስከ ሦስት የሚቆጠር ዝምታ ነው።

«ማክሰኞ። / ዛሬም ውኃ አልመጣም። እማዬ ሁለት ጀሪካን አስይዛ ላከችኝ፤ / ሰልፉ እስከ ድልድዩ ደርሶ ነበር። // ስመለስ ወንድሜ ሰማያዊ ሹራቤን ለብሶ ወጥቷል። ሳያስፈቅደኝ! / ሲመጣ አሳየዋለሁ። //»

ይህን የምታነብ ልጅ ሁሉ «ሲመጣ አሳየዋለሁ» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይሰበራል፤ ወንድምየው እንደማይመለስ ገምታለችና። አቁሟትና «ሹራብሽን ማን ወሰደው?» በሏት። ልጅቷ ተናዳለች፤ ንዴቷም የእኅት ንዴት ነው፣ ማታ በእንጀራ የሚረሳ። እንደዚያ ተናዳ ታንብበው። ዕንባው የሚመጣው ከተመልካቹ ወገን ነው፤ አንባቢዋ ቀድማ ካለቀሰች ለእሱ የሚተርፈው ነገር የለም። እያንዳንዱን ገጽ በዚህ መንገድ «አሁን ምን ፈለገች? ምን አናደዳት?» እያላችሁ ፈትሹና ኅዳጉ ላይ በእርሳስ በአንድ ቃል ጻፉ፦ ንዴት፣ ጉጉት፣ ረሃብ፣ ኩራት።

በቃል አታስጠኗቸው። ወረቀቱ በእጅ መታየቱ ተመልካቹን «ይህ የሌላ ሰው ቃል ነው፣ እኛ አደራ ተቀባዮች ነን» ይለዋል። ሆኖም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱ ቀና ብለው እንዲያዩ አለማምዷቸው።

8. አራት ጊዜ ተለማመዱ

የመጀመሪያው ክብ ሠርቶ ተቀምጦ፣ ያለ ስሜት፣ ለመረዳት ብቻ ነው፤ የሰው ስምና የቦታ ስም አጠራር እዚህ ይስተካከል። ሁለተኛው በምልክቶቹ ላይ። ሦስተኛው በቦታው፣ በማይክሮፎን፤ አፍና ማይክሮፎን አንድ ስንዝር ይራራቁ። አራተኛው መብራት አጥፍታችሁ፣ ማጉያ ሳትከፍቱ። ጎንደር ውስጥ መብራት ሊሄድ ይችላል፤ በዚያ ልምምድ ያለፈ ቡድን በዕለቱ ጨለማ ቢመጣ አንድ ቃል ሳይሰናከል ይቀጥላል።

9. ቦታውን አሰናዱ

ፋሲል ግቢ ውስጥ ለማንበብ የምትመኙ ብዙ ናችሁ። ቅርሱ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ፈቃዱ ረጅም ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ሜዳው ድምፅን ይበትናል፣ በባዶው የድንጋይ አዳራሽ ውስጥም ድምፁ እያስተጋባ ቃሉ ይደበላለቃል። ለዚህ ሥራ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይበልጣል፤ የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ድምፅን ይውጣል፣ ሰዉም ተቀራርቦ ይቀመጣል። በክረምት ከሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ፈጽሞ አይሆንም፤ ዝናብ ከጀመረ አንባቢዋ አትሰማም።

የሰፈሩን ድምፅ አስቀድማችሁ አጥኑ። በዚያው ቀንና ሰዓት ከአንድ ሳምንት በፊት ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ የባጃጁ ጩኸት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማጉያ፣ አዛኑ፣ የተማሪው ፈረቃ ለውጥ መቼ እንደሆነ ይታወቃችኋል። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 10 ተኩል አካባቢ ቢያልቅ ተማሪዎቹ ሳይመሽ ቤታቸው ይደርሳሉ።

ልብስ የዘወትር ልብስ ይሁን። የእስረኛ ልብስ፣ ናዚዎች አይሁዶችን ያስለጥፏቸው የነበረውን ቢጫ ኮከብ አታልብሱ፤ አንባቢዎቹ ሰለባ አይደሉም። ነጠላ ከሆነ የተመረጠው አዘቅዝቆ መልበስ አይገባም፤ ተመልካቹ ገና ከበር ሲገባ ለቅሶ ቤት መድረሱን ያውቃል። ሙዚቃ ካስፈለገ ዋሽንት ብቻውን፣ በወቅቶቹ መካከል፣ ከግማሽ ደቂቃ ሳይበልጥ ይግባ፤ በንባቡ ሥር ግን አይደለም። ጧፍ ከነጠላ ቢያንስ ሁለት እርምጃ ይራቅ፤ የጥጥ ጫፍ በአንድ አፍታ ይያያዛል። መጨረሻ ላይ ጧፉን እፍ ብሎ ማጥፋት የተለመደ ነው፤ አታድርጉት።

10. የዕለቱ ቅደም ተከተል

ቀን ጠሪው በሁለት ደቂቃ ይክፈት፤ ማን ናት፣ ስንት ዓመቷ ነበር፣ የት ትኖር ነበር፣ ደብተሩን ማን ሰጣት። ፍጻሜዋን አይናገር። ስልክ እንዲጠፋ፣ እንዳይቀረጽ፣ ሲያልቅ እንዳይጨበጨብ፣ መውጣት የፈለገ በኋለኛው በር እንዲወጣ ይግለጽ። የሚከብደው ሰው እንደሚኖር አስባችሁ ከበሩ አጠገብ ሦስት አራት ወንበር ባዶ ተዉ።

ከዚያ ንባቡ። የመጨረሻው ቃል ሲነበብ አንባቢዎቹ ማቀፊያቸውን ይዝጉና ይቀመጡ። ቀን ጠሪው ተነሥቶ የሆነውን በዜና አቀራረብ፣ ያለ ቅጽል ይናገር፦ ስምንቱም ኦገስት 4 ቀን 1944 ተያዙ፤ አን በርገን ቤልሰን ካምፕ ውስጥ በ1945 መጀመሪያ ላይ በ15 ዓመቷ ሞተች፤ ከስምንቱ የተረፈው አባቷ ብቻ ነው፤ ወረቀቶቿን ያኖረችላት ሚፕ ኺስ የምትባል የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ናት። ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት። ደቂቃው በሰዓት ይለካ፤ በግምት ሲሆን 20 ሰከንድ ላይ ይቆረጣል።

የተለመዱ ስሕተቶች

ከንባቡ በኋላ የክብር እንግዳ ንግግር ማስገባት። ንግግር የግድ ከሆነ ከንባቡ በፊት ይሁን። ከጸሎቱ በኋላ ማይክሮፎን ለተመልካች መክፈትም እንዲሁ ነው፤ የራሱ ቁስል ያለበት ሰው ሳይዘጋጅ ይነሣና ማቆም ያቅተዋል። ስላይድ ላይ የሬሳና የካምፕ ፎቶ ማሳየት ደግሞ ዓይንን ከቃሉ ይነጥቃል፣ ልጆችንም ያስደነግጣል። ሌላው ጽሑፉን ለውድድር ማዋል ነው፤ ነጥብ የሚሰጥበት አንባቢ ለዳኛ እንጂ ለኪቲ አያነብም።

11. ከንባቡ በኋላ

አንባቢዎቹን ወዲያው ወደ ቤት አትስደዷቸው። ሌላ ክፍል ውስጥ ሻይ ወይም ቡና ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው፤ ስለ ንባቡም ሆነ ስለ ሌላ ነገር እንደፈለጉ ያውሩ። ማውራት ያልፈለገችውን አታስገድዷት፤ በማግሥቱ ግን አንድ መምህር ለብቻዋ ይጠይቃት። ለተመልካቹም በሩ አጠገብ የሚያዳምጥ አንድ ሰው ይመደብ፤ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ካለ እሱ ይሁን።

የቤተሰብ ደብተር የነበረ ከሆነ የታተሙትን ቅጂዎች በሙሉ ቆጥራችሁ ሰብስቡ፤ በክበቡ ስልኮችና በኮምፒውተሩ ላይ የቀሩትን ፎቶዎችና ፋይሎች ቤተሰቡ ባለበት አጥፉ፤ አንድ ንጹሕ የተገለበጠ ቅጂ ከነፎቶዎቹ በፍላሽ አድርጋችሁ ለቤተሰቡ አስረክቡ።